አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ከረሜላ ድንበር ሲሻገር

ሚኒሶታ ውስጥ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ሱቅ ገብቶ፣ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ከሄምፕ የተሠራ ጄሊ ከረሜላ ገዝቶ ይወጣል። ደረሰኝም ይሰጠዋል። ያንኑ ከረሜላ በሻንጣው ይዞ ዱባይ ቢወርድ ግን ዕቃው ከረሜላ መሆኑ ቀርቶ አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ምግብ ይባላል። ማሸጊያው ያው ነው፤ ጣዕሙም ያው ነው። የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች ሩቅ ይመስላል፤ ግን ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስ ወይም በካሊፎርኒያ ዘመድ አላችሁ። ዘመድ ደግሞ ዕቃ ይልካል፤ “ለእንቅልፍ ጥሩ ነው፣ ለወገብ ሕመም ጥሩ ነው” የተባለ ነገር ከልብስና ከሽቶ ጋር ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ አሠሪዎች ከእረፍት ሲመለሱ ቪታሚን ወይም ጣፋጭ የሚመስል ነገር ይዘው ይመጣሉ። ፍሪጁን የምታጸዱት፣ ቁም ሳጥኑን የምታስተካክሉት፣ ልጆቹንም የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የአሜሪካ ግዛቶች ስለ ሄምፕ ምግብ የሚያወጡትን ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉን ስናይ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፦ “ሕጋዊ ነው” የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሁልጊዜ “የት?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሄምፕ ምንድን ነው?

ሄምፕና ማሪዋና፣ እኛ ብዙ ጊዜ ሐሺሽ የምንለው ማለት ነው፣ ሁለቱም የካናቢስ ተክል ናቸው። ልዩነታቸው በውስጣቸው ባለው የቲኤችሲ መጠን ነው። ቲኤችሲ አእምሮን የሚያደነዝዘው፣ ሰውን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ነው። ማሪዋና ውስጥ ብዙ አለ፤ ሄምፕ ውስጥ ጥቂት። ሲቢዲ የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር እንደ ቲኤችሲ አያሰክርም፤ በብዙ ዘይቶች፣ ክሬሞችና ከረሜላዎች ላይ ስሙ የሚታየው እሱ ነው።

የሄምፕ ፍሬ ለብቻው ሌላ ነገር ነው። እንደ ተልባ ዘይት ይወጣዋል፣ ይፈጫል፣ በምግብ ላይ ይነሰነሳል። ፍሬው ራሱ በተፈጥሮው ቲኤችሲ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከቅጠሉና ከአበባው ሲነካካ ግን ትንሽ ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2018 የተፈለፈለ የሄምፕ ፍሬ፣ የፍሬው ዱቄትና የፍሬው ዘይት በምግብ ውስጥ ቢገቡ ተቃውሞ እንደሌለው አስታውቋል። ለሲቢዲ ግን ይህን ፈቃድ አልሰጠም። በጃንዋሪ 2023 መሥሪያ ቤቱ አሁን ያለው የምግብ ሕግ ለሲቢዲ የሚመች አይደለም፣ አዲስ መንገድ ከምክር ቤቱ ጋር መፈለግ አለበት ብሎ መግለጫ አወጣ።

እንግዲህ በአንድ መደርደሪያ ላይ “ሄምፕ” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሦስት ዕቃዎች ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ እንደ ተልባ ያለ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ሲቢዲ ያለበት ጠብታ ነው። ሦስተኛው የሚያሰክር ከረሜላ ነው። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

በሕጉ ላይ የታየው ቀዳዳ

ነገሩ የተጀመረው በ2018 ነው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው የእርሻ ሕግ ሄምፕን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ሕጉ ያስቀመጠው መለኪያ አጭር ነበር፦ በደረቁ ሲመዘን ዴልታ 9 የሚባለው ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ ካልበለጠ ተክሉ ሄምፕ ነው። ዓላማው ገበሬው ለገመድ፣ ለጨርቅ፣ ለዘይት የሚሆን ተክል ያለ ፍርሃት እንዲያመርት ነበር።

0.3 በመቶ ለቅጠል ትንሽ ነው። ለምግብ ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። 4 ግራም የሚመዝን አንድ ጄሊ ከረሜላ 0.3 በመቶው 12 ሚሊ ግራም ነው። 50 ግራም የሚመዝን ቸኮላት ደግሞ 150 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ቢኖረው እንኳ ከመለኪያው አያልፍም። 5 ሚሊ ግራም ብቻ ያልለመደን አዋቂ ሰው ሊያሰክር እንደሚችል ስናስብ፣ ለቅጠል የተሠራው ሚዛን ለከረሜላ እንደማይሆን ይገባናል።

ሌላም ቀዳዳ ነበር። ሕጉ የጠቀሰው ዴልታ 9ን ብቻ ነው። አምራቾች ከሄምፕ የወጣውን ሲቢዲ በኬሚካል ቀይረው ዴልታ 8 የሚባል፣ እሱም የሚያሰክር ንጥረ ነገር መሥራት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በነዳጅ ማደያ ሱቆች ሳይቀር ከማስቲካና ከብስኩት አጠገብ ይሸጥ ጀመር። ብዙ ቦታ የዕድሜ ገደብ አልነበረም፤ የመጠን ገደብም አልነበረም።

እያንዳንዱ ግዛት የራሱን አጥር ሠራ

ማዕከላዊው መንግሥት ዝም ሲል ግዛቶቹ በየፊናቸው ሕግ ማውጣት ጀመሩ። ውጤቱም አንዱ የፈቀደውን ሌላው የሚከለክልበት ሁኔታ ሆነ።

ብዙ የኦሮሞና የሌላም ብሔር ተወላጅ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከሄምፕ የተሠራ ምግብና መጠጥ እንዲሸጥ ፈቀደች። ገደቡም ተቀመጠ፦ በአንድ ፍሬ ከ5 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ማሸጊያ ከ50 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ መብለጥ የለበትም። ገዢው 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ማሸጊያው ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው፣ “ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ” የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት እንዲሆን፣ ከረሜላውም ልጆችን በሚስብ ቅርጽ እንዳይሠራ ሕጉ ያዛል። የሚገርመው ይህ አንቀጽ በአንድ ትልቅ ሕግ ውስጥ ተካቶ ያለ ብዙ ክርክር ማለፉ ነው። ድምፅ ከሰጡት መካከል አንድ የሴኔት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የፈቀዱት ነገር ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን እንዳልተረዱት በኋላ ለጋዜጦች ተናግረዋል።

ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችው፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ቨርጂኒያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ጠበቅ ያለ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። በአንድ ማሸጊያ የሚፈቀደው ቲኤችሲ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ሆነ። ከዚያ በላይ እንዲሆን ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ቲኤችሲ ቢያንስ 25 እጥፍ ሲቢዲ መኖር አለበት። ስለዚህ በሚኒሶታ በሕግ የሚሸጥ አንድ ፍሬ ከረሜላ ብቻውን በቨርጂኒያ ለሙሉ ማሸጊያ ከተፈቀደው በላይ ሊሆን ይችላል።

ካሊፎርኒያ የማሪዋና መደብሮችን ቀድማ ከፈቀዱ ግዛቶች አንዷ ናት። ከሄምፕ የተሠራ ምግብን በተመለከተ ግን በሴፕቴምበር 2024 በአስቸኳይ ደንብ፣ በምርመራ ሊታይ የሚችል ምንም ዓይነት ቲኤችሲ ያለበት የሄምፕ ምግብና መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ወዳለው የማሪዋና መደብር ይሂድ፣ በተራ ሱቅ ግን አይገኝም ማለት ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ክርክሩ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል ከረመ። በ2025 የግዛቲቱ ምክር ቤት የሚያሰክሩ የሄምፕ ምርቶችን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። አገረ ገዢው ግሬግ አቦት ግን በጁን 22 ሕጉን ውድቅ አደረጉት፤ መከልከል ሳይሆን መቆጣጠር ይሻላል አሉ። ምክር ቤቱ በተጨማሪ ስብሰባ መስማማት ሲያቅተው፣ አገረ ገዢው በሴፕቴምበር ወር ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥና ሻጮች መታወቂያ እንዲያዩ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። አይዳሆ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቲኤችሲ ያለበትን ምግብ በጭራሽ አትቀበልም፤ ገደቡ ዜሮ ነው።

ልጆች ያልታሰበው ዋጋ ሲከፍሉ

ግዛቶቹን ያስደነገጠው ትልቁ ነገር የልጆች ጉዳይ ነው። ካናቢስ ያለበት ጣፋጭ ተራ ጣፋጭ ስለሚመስል ልጅ አንድ ፍሬ ወስዶ አያቆምም፤ እንደ ማንኛውም ከረሜላ እየደጋገመ ይበላዋል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ታዋቂ የሆኑ ቺፕሶችንና ከረሜላዎችን ማሸጊያ አስመስለው ይሸጡ ነበር። በጁላይ 2023 ሁለት የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ላደረጉ ስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈዋል።

ቁጥሮቹም ቀላል አይደሉም። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት የመዘገቡት፣ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ሆኖ ካናቢስ ያለበት ምግብ የበሉ ሕፃናት ቁጥር በ2017 207 ነበር፤ በ2021 ወደ 3,054 አሻቀበ። አብዛኞቹም ይህን ያገኙት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ዴልታ 8ን ብቻ በተመለከተ ከጃንዋሪ 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 2022 ድረስ ለማዕከላቱ 2,362 ሪፖርቶች ደርሰዋል፤ ከእነዚህ 41 በመቶው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን የሚመለከቱ ነበሩ።

ሕመሙ ወዲያው አለመታየቱ አደጋውን ያብሰዋል። የተበላ ቲኤችሲ በሆድ ውስጥ አልፎ እስኪሠራ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አዋቂው “ምንም አልሠራም” ብሎ ሌላ ይጨምራል። ልጁ ደግሞ ደህና መስሎ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት መንገዳገድ፣ ከባድ እንቅልፍ፣ ማስመለስ፣ ሲከፋም የአተነፋፈስ መድከም ይታይበታል።

ማዕከላዊው መንግሥት አሁን ምን አለ?

በኖቬምበር 12 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሳምንታት ተዘግተው ከቆዩ በኋላ የሚከፈቱበት የበጀት ሕግ ተፈረመ። በዚያ ሕግ ውስጥ የሄምፕ ትርጉም ተለውጧል። ከእንግዲህ የሚቆጠረው ዴልታ 9 ብቻ ሳይሆን ጠቅላላው ቲኤችሲ ነው። ለገበያ የሚቀርብ ምርት በአንድ ማሸጊያ ከ0.4 ሚሊ ግራም በላይ ቲኤችሲ ሊኖረው አይገባም። በኬሚካል የተሠሩት እንደ ዴልታ 8 ያሉትም ከሄምፕ ትርጉም ውጭ ሆነዋል።

ይህን ከሚኒሶታ ጋር ብናነጻጽረው፣ ግዛቲቱ በአንድ ማሸጊያ የፈቀደችው 50 ሚሊ ግራም የአዲሱ ገደብ 125 እጥፍ ነው። ሕጉ ለአምራቾች የአንድ ዓመት ጊዜ ስለሰጠ፣ እንደተጻፈው ከሄደ ሥራ ላይ የሚውለው በኖቬምበር 2026 ነው። እስከዚያ ድረስ አምራቾችና ገበሬዎች ጊዜው እንዲራዘም ወይም ሕጉ እንዲሻሻል ግፊት ማድረጋቸው አይቀርም።

ትናንት ወንጀል የነበረ፣ ከዚያ በሕግ የተፈቀደ፣ ነገ ደግሞ ሊከለከል የሚችል ዕቃ ነው። በዚያው አገር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሄድ ስሙ ይለወጣል። ባሕር አቋርጦ ሲመጣማ እንዴት ይሆናል?

ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲደርስ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ጫት ነው። ጫት ኢትዮጵያ ውስጥ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ግብር ይከፈልበታል፤ ወደ ውጭም ይላካል። በኤምሬትስም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ ግን የተከለከለ ዕፅ ነው። “በአገሬ ሕጋዊ ነው” ብሎ ጫት ይዞ የተገኘ ሰው ከቅጣት እንደማይድን ሁላችንም እናውቃለን። የአሜሪካ ሄምፕ ከረሜላም እንደዚሁ ነው። የሚለየው አንድ ነገር ጫት ከሩቅ ሲታይ መታወቁ፣ ከረሜላው ግን አለመታወቁ ነው።

የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻም ማስረጃ አይሆንም። በዚያ አገር ደንብ 0.3 በመቶና ከዚያ በታች ቲኤችሲ ያለውን የሄምፕ ምርት ተሳፋሪ ይዞ እንዲያልፍ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ አንድ ዘመድ ከዱልስ አየር ማረፊያ ያለ ችግር መነሳቱ፣ ዕቃው በዱባይ ወይም በሪያድ ያልፋል ማለት አይደለም።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2021 ባወጣችው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 30 ላይ አንድ ማሻሻያ አድርጋለች። ተጓዥ ቲኤችሲ ያለበት ምግብ ወይም መጠጥ ለግል መጠቀሚያ ይዞ፣ በመግቢያ ኬላ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘ እስር አይጠብቀውም፤ ዕቃው ተወርሶ ይወገዳል። ይህ ፈቃድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜና በኬላ ላይ ለተገኘ ተጓዥ የተደረገ ምሕረት ነው። ከኬላ አልፎ ቤት ውስጥ የተገኘ፣ ለሌላ ሰው የተሰጠ ወይም የተሸጠ ዕቃ በዚህ አይታይም። የእንግሊዝ መንግሥት ለዜጎቹ በሚሰጠው የጉዞ ምክር፣ በኤምሬትስ ዕፁ በደም ውስጥ መገኘቱ ራሱ ይዞ እንደመገኘት እንደሚቆጠር ያስጠነቅቃል። ቲኤችሲ ደግሞ በሽንት ምርመራ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚወስድ ሰው ላይም ለሳምንታት ሊታይ ይችላል።

ይህ የኤምሬትስ ምሕረት ለሌሎቹ አገሮች አይሠራም። በሳዑዲ ዓረቢያ ዕፅ አስገብቶ ማሰራጨት እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ የነበረው በዕፅ ወንጀል የሚፈጸም የሞት ቅጣትም በኖቬምበር 2022 እንደገና ተጀምሯል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ዘመድ ዕቃ ከመላኩ በፊት በስልክ በግልጽ ንገሩት፦ “የሚበላም ሆነ የሚቀባ፣ ሄምፕ ወይም ሲቢዲ የሚል ነገር እንዳትልክልኝ።” እሱ የሚያውቀው የግዛቱን ሕግ ነው፤ የእናንተን አገር ሕግ ላያውቅ ይችላል። በካርጎ የመጣ ዕቃ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው።

የሌላ ሰው የታሸገ ዕቃ አትያዙ። ለእረፍት ወደ አገር ስትሄዱም ሆነ ስትመለሱ፣ “ይህን ካርቶን አድርሺልኝ” የሚለው የጎረቤት ሰውም ቢሆን፣ ፊት ለፊታችሁ ከፍቶ ያሳያችሁ። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። ማዳም በስጦታ የሰጠቻችሁን ቪታሚንና ጣፋጭም ጽሑፉን ሳታዩ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ካናቢስ ኢትዮጵያም ውስጥ የተከለከለ ነው።

ጽሑፉን ለማየት እንግሊዝኛ ማወቅ የግድ አይደለም። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ሲ፣ ቢ፣ ዲ ወይም ቲ፣ ኤች፣ ሲ የሚሉ ሦስት ትልልቅ ፊደላት። ሁለተኛ፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤም፣ ፒ የሚሉ አራት ፊደላት፣ ይህም ሄምፕ ማለት ነው፤ ወይም ዴልታ የሚል ቃል ከ8 ወይም ከ9 ቁጥር ጋር። ሦስተኛ፣ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ቅጠል ሥዕል። ካላወቃችሁት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ማንበብ ለሚችል ሰው አሳዩ።

እንዲህ ያለ ነገር በአሠሪ ቤት ብታገኙ አትቅመሱት፣ ለልጅም አትስጡት፣ ራሳችሁ ጋም አታስቀምጡት። ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጋችሁ “ማዳም፣ ይህ ለልጆች ነው ወይስ ለአዋቂ?” ብላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ እንቢ ቢላችሁ ወይም ወገባችሁን ቢያማችሁ “ይህን ብሉበት” የተባላችሁትንም ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትውሰዱ።

ልጅ በልቶ ከሆነ ግን ጊዜ አታባክኑ። ለማስመለስ አትሞክሩ። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ለወላጆቹ ወዲያው ንገሩ፣ አምቡላንስ ጥሩ። በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ 997፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999 ነው። ማሸጊያውን ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ምን ያህል ፍሬ እንደጎደለ ተናገሩ። “እኔን ይጠረጥሩኛል” ብሎ መደበቅ የሰው ልጅ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ልጁ ምን እንደበላ ሳያውቅ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ ልጁንም እናንተንም ይጎዳል። ማሸጊያውን ያሳየ ሰው ምን እንደተበላ፣ የት እንደተገኘ፣ መቼ እንደሆነ መናገር ይችላል፤ የደበቀ ሰው ግን በኋላ የሚናገረው ሁሉ ጥርጣሬ ይሆንበታል።

የአሜሪካ ግዛቶች ስንት ሚሊ ግራም ይፈቀድ እያሉ ገና ብዙ ይከራከራሉ። እናንተ ባላችሁበት አገር ግን ተጓዡ ወይም ሠራተኛዋ ይዘው ሊገቡት የሚፈቀድ መጠን የለም። ዕቃ እልካለሁ የሚል ዘመድ ዛሬ ማታ ቢደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን ንገሩት።